የ1965 ቮልስ ፍሬን ወደ ግራ ይስባል፣ ፔዳሉም በመጀመሪያው ርግጫ ይወርዳል፤ ማስተሩን ልቀይር?

የአባቴ ቮልስ፦

ለአሮጌ መኪና ወዳጆችና ለባለሙያዎች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የተመረተ፣ ባለ 1200 ሞተር ቮልስዋገን ከአባቴ ወርሻለሁ። የአራቱም ጎማዎች ፍሬን የታምቡር ነው፤ ማለትም ሸራዎች ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ መሰል ብረት ከውስጥ እየገፉ ያቆሙታል፤ ማስተሩም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) እንደ ዘመኑ አሠራር ባለ አንድ መስመር ነው። መኪናው ለዓመታት በግቢ ውስጥ ቆሞ ከኖረ በኋላ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን አሳድሼ ወደ መንገድ ብመልሰውም፣ ፍሬኑን ግን እስካሁን ልተማመንበት አልቻልኩም።

ፔዳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረግጠው ወለሉን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወርዳል፤ እግሬን አንሥቼ ወዲያው ስደግመው ግን ከፍ ብሎና ጠንክሮ ይይዛል። በመካከለኛ ፍጥነት ስሄድ ፍሬን ብይዝ መኪናው ወደ ግራ ይስባል፤ እግሬን ካነሣሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ወደ ግራ መሳቡን አይተውም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ የሚሆነው ነው። የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፤ ታች ደርሼ ስቆም የፊት ግራው ጎማ ቸርኬ እጅ አያስጠጋም፤ መኪናውን በእጅ ለመግፋት ብሞክርም አይነቃነቅም። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ይንከባለላል።

በፊተኛው ኮፈን ሥር ያለው ማጠራቀሚያ የፍሬን ዘይቱ መጠን አልቀነሰም፤ ከመኪናው በታችም የሚንጠባጠብ ነገር አላየሁም። ያሳየሁት ጋራዥ ማስተሩና የአራቱም ጎማዎች ሲሊንደሮች በሙሉ መቀየር አለባቸው ብሎኛል። ወጪው ቀላል ባለመሆኑ፣ ከዚያም በላይ ችግሩ የት እንዳለ ሳላውቅ ዕቃ መቀየር ስለማልወድ፣ እነዚህ ምልክቶች በእውነት ወደ ማስተሩ የሚያመለክቱ መሆን አለመሆናቸውን እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ፣ የትኛውን መጠቀም እንዳለብኝና ከነባሩ ጋር መቀላቀል ይቻል እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሥራውን ከታናሽ ወንድሜ ጋር በግቢያችን ለመሥራት አስበናል።

ጡረተኛ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ምልክቶቹን እንዲህ ለያይተው መጻፍዎ ሥራውን በእጅጉ አቅልሎታል። ማስተሩን አሁን አይግዙ። ከጻፉት ውስጥ ማስተሩ መበላሸቱን በቀጥታ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ማስተር በውስጡ ሲያፈስ ፔዳሉ ከያዘ በኋላ እግር እንደተጫነው ቀስ እያለ ይሰምጣል። በመስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ደጋግመው ሲረግጡት ቢሻሻልም ጥንካሬ አያገኝም። የእርስዎ ግን በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ጠንክሮ ይይዛል። ይህ የሚሆነው ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው ሲቀመጡ ነው፤ በመጀመሪያው ርግጫ ማስተሩ የሚገፋው ዘይት ሸራዎቹን እስከ ታምቡሩ ለማድረስ ብቻ ያልቃል፤ ሸራዎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይመለሱ ፔዳሉ በፍጥነት ሲደገም ደግሞ ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ስለሚገባ ፔዳሉ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ይህንን ምልክት ሲያይ አየር ለማስወጣት ይነሣል፤ ዘይት ያባክናል፤ ፔዳሉም እንደነበረው ይቀራል። ማስተካከል መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

በቮልስ እያንዳንዱ ጎማ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ማስተካከያዎች አሉ፤ ለየሸራው አንድ አንድ መሆኑ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥተው፣ መኪናውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ በታምቡሩ ፊት ላይ ባለችው ቀዳዳ በኩል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተው ማስተካከያውን ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ድረስ ያጥብቁት። ከዚያ ጎማው በነፃነት እስኪዞርና በጣም ቀላል የመፋቅ ድምፅ ብቻ እስኪሰማ ድረስ ጥቂት ጥርስ መልሰው ያላሉት። ሁለተኛውን ሸራ በተመሳሳይ መንገድ ካስተካከሉ በኋላ ወንድምዎ ፔዳሉን ጠንክሮ ይርገጥ፤ ሸራዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉና እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል። ሁለቱ ማስተካከያዎች የሚጠብቁበት አቅጣጫ ተቃራኒ መሆኑን አይዘንጉ። ወደ ኋላዎቹ ጎማዎች ሲመጡ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ የተለቀቀና ገመዶቹም የላሉ መሆን አለባቸው፤ ገመዱ ሸራውን ጎትቶ እንደያዘ የሚደረግ ማስተካከያ ሐሰተኛ ነው።

እዚያው ሳሉ የፔዳሉን ነፃ እንቅስቃሴ ይመልከቱ። ከፔዳሉ የሚነሣው ገፊ ዘንግ የማስተሩን ፒስተን ከመንካቱ በፊት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ይህ ክፍተት ከጠፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ጠባብ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይስፋፋል፤ መሄጃ ስለሌለውም ሸራዎቹን ራሱ ይገፋል። እንዲህ ሲሆን ግን አራቱም ጎማዎች ይይዛሉ እንጂ አንድ ብቻውን አይነድም። የእርስዎ የፊት ግራው ብቻ ስለሆነ ምክንያቱን እዚያው ጎማ አጠገብ ነው የምንፈልገው።

መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ከሳበ ወይ ግራው ከሚገባው በላይ ይዟል፣ ወይ ቀኙ አልያዘም። ይህንን ለመለየት ጥሩው መሣሪያ ሙቀት ነው። ደልዳላ በሆነ መንገድ ጥቂት እየነዱ ፍሬኑን ደጋግመው ይያዙና ቆመው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር ያስጠጉ፤ አይንኩት። ከሌሎቹ በጣም የሞቀው ጎማ አልለቅ ብሎ የያዘ ነው፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ሥራውን ያልሠራ ነው። የአራቱንም ሙቀት መዝግበው ቢያመጡልን ከዚህ በኋላ ያለው ሐሳባችን ግምት አይሆንም።

እግርዎን ካነሡ በኋላም መሳቡን አለመተዉ ግን ከወዲሁ የላስቲክ ቱቦውን እንድጠረጥር አድርጎኛል። የቆየ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ደኅና ሆኖ ውስጡ ያብጣል ወይም ይላጣል። ሲረግጡ የእግርዎ ኃይል ዘይቱን አስገድዶ ያሳልፈዋል፤ ሲለቁ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚገፋው የመላሽ ሞላዎቹ ኃይል ብቻ ስለሆነ በጠበበው ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል ወይም ጭራሽ ይታገዳል። ፈተናው ቀላል ነው። የፊት ግራውን ጎማ አንሥታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ። ጎማው ከያዘ የሲሊንደሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት ክፈቱት፤ ዘይት በግፊት ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ የታሰረው ዘይቱ ነው፤ ብሎኑ ተከፍቶም ጎማው ካልተለቀቀ ግን ሞላው ደክሟል ወይም የሲሊንደሩ ፒስተን በዝገት ተይዟል። የታሰረው ዘይቱ መሆኑ ከታወቀ ብሎኑን ዘግታችሁ ርግጫውን ድገሙ፤ በዚህ ጊዜ የብረቱ ቧንቧ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ አላሉት። እዚያ ሲላላ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ የመጣው ከማስተሩ በኩል ነው። ካልተለቀቀ የዘጋው ቱቦው ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከቨርጂኒያ፦

ጋሼ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። እኔም እዚህ አሜሪካ የ1963 ቮልስ ስላለኝ ስለ ዘይቱና ስለ ቱቦዎቹ የማውቀውን ልጨምር።

ለዚህ መኪና የሚስማማው በግላይኮል ላይ የተመሠረተው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው)፤ ሁለቱ እርስ በርስ ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም። ደረቅ ሳለ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። ነገር ግን ሁለቱም እርጥበት ከአየር ይስባሉ፤ ውሃ ሲገባቸው የመፍያ ነጥባቸው ወርዶ እንደ ቅደም ተከተላቸው 140 እና 155 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ለዓመታት የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ዘይት ብዙ ውሃ ጠጥቷል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። በእንጦጦ ቁልቁለት አንድ ታምቡር እጅ የማያስጠጋ ሙቀት ላይ ከደረሰ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ሊፈጥር ይችላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃልና በሚቀጥለው ርግጫ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ያርፋል። ሰዎች ፍሬን በጠሰብን የሚሉት አንዳንዱ አደጋ ምንም ነገር ሳይበጠስ እንዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ መቀላቀሉን ትተው አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው አዲስ ይሙሉ፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስም አይግዙ።

ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ስሙ የሚመሳሰለው ዶት 5.1 ግን ግላይኮል ነውና ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ናፍጣ ወደ ማጠራቀሚያው አንዲት ጠብታ እንኳ ብትገባ ጎሚኒዎቹ (በማስተሩና በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ማሸጊያዎች) ሁሉ ያብጣሉ፤ ያን ጊዜ ማስተሩንም ሲሊንደሮቹንም በእውነት መቀየር ይመጣል። ጎሚኒና ሲሊንደር ሲታጠብም በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል እንጂ በቤንዚን መሆን የለበትም።

በአንድ ነገር ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ፈተናው የሚጠቁመው አንድ ቱቦ ቢሆንም አራቱንም ይቀይሩ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የእርስዎ ማስተር ደግሞ ባለ አንድ መስመር ስለሆነ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ የአራቱም ጎማዎች ፍሬን አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እሱም የሚይዘው የኋላዎቹን ነው። ዕቃው አይጠፋም፤ የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣው በ2003 ስለሆነ ብዙ መለዋወጫ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከብረቱ ቧንቧዎች የዛገ ካገኙ በመዳብ ቧንቧ አይተኩት፤ ተራ መዳብ በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ወደ አሜሪካ የተላኩት ቮልሶች ባለ ሁለት መስመር ማስተር ያገኙት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው። እኔ የእኔን ወደዚያ አሳድጌዋለሁ፤ ነገር ግን ቧንቧዎቹን፣ ማጠራቀሚያውንና የገፊውን ዘንግ ርዝመት ማስማማት ስለሚጠይቅ አሁን ያለብዎትን ችግር ሳይፈቱ እዚያ ውስጥ መግባት የለብዎትም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የድሮ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ታምቡሩን ሲከፍቱ አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አየር አይንፉት። በውሃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁንም በፕላስቲክ ጠቅልለው ይጣሉት። ታናሽ ወንድምዎም አጠገብዎ ነውና።

ቶርኖ ሠራተኛ፦

ስለ ታምቡሮቹ ብቻ አጭር ነገር ልበል። ያ የፊት ግራ ታምቡር ደጋግሞ ስለነደደ ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ እግርዎ ሥር የሚርገበገብ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። የዚህ መኪና ታምቡር የውስጥ ስፋቱ ከፋብሪካ ሲወጣ 230 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ቶርኖ ሲያመጡት ቀኙን አብረው ያምጡ፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ታምቡሮች እኩል ካልተላጩ የመሳቡ ችግር በሌላ መንገድ ይመለሳል። በውስጡ ስንጥቅ ካለ አይላጭም፤ ይጣላል። ከተላጨ በኋላም ሸራው ከአዲሱ ስፋት ጋር በሙሉ ገላው መገናኘቱን በጠመኔ ቀብተው ይፈትሹ፤ በጫፉ ብቻ የሚነካ ሸራ አዲስ ቢሆንም አይይዝም።

የአባቴ ቮልስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታዘዝነውን በቅደም ተከተል ሠርተናል።

ሸራዎቹን ካስተካከልን በኋላ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ከፍ ብሎ ይይዛል፤ አየር ማስወጣት እንኳ አላስፈለገንም ነበር። የገፊው ዘንግ ክፍተትም ትክክል ነው። በቱቦው ፈተና የአየር ማስወጫውን ብሎን ስንከፍት ዘይቱ በግፊት ወጥቶ ጎማው ተለቀቀ፤ ደግመን ከቱቦው በላይ ያለውን ዳዶ ስናላላ ግን ጎማው እንደያዘ ቀረ። ቱቦውን ፈትተን ስንቆርጠው ውስጡ አብጦ ቀዳዳው ከመርፌ ብዙም የማይሰፋ ሆኖ አገኘነው። አራቱንም ቀይረን፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለውጠን፣ አየሩን ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምረን በኋላ ቀኝ፣ በኋላ ግራ፣ በፊት ቀኝና በፊት ግራ ተራ አስወጥተናል። የፊት ታምቡሮቹም ሁለቱም ተላጭተዋል።

አሁን መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የፊቶቹም ሙቀት እኩል ነው። ሙቀቱን ስንመዘግብ ግን የኋላ ግራው ከሌሎቹ ሁሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘነው። ሸራዎቹ ከተገጠሙበት የኋላ ሳህን ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ነገር ረጥቦበታል። የፍሬን ዘይቱ አሁንም ስላልቀነሰ ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶኛል። የኋላውን ታምቡር ለማውጣት ብሞክርም ትልቁን ዳዶ ልፈታው አልቻልኩም።

ጡረተኛ መካኒክ፦

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሥራውን በሥርዓት ይዘውታል።

የፍሬን ዘይት በውሃ ይታጠባል፤ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ግን በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሚከረፋ የድኝ ሽታም አለው። በጣትዎ ጥቂት ወስደው ይሞክሩት። ማጠራቀሚያው ስላልቀነሰ የካምቢዮ ዘይት ነው የሚል ግምት አለኝ። ይህ ዘይት በአክስሉ መያዣ በኩል እስከ ጎማው ኩሽኔታ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት) ሲደክም በታምቡሩ ውስጥ ወጥቶ ሸራውን ያጠግበዋል። የካምቢዮው ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቶ ከሆነም ፓራሊዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊያፈስ ይችላል፤ የሚይዘው 2.5 ሊትር ስለሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ የመሙያውን ብሎን ከፍተው ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጡ።

ትልቁ ዳዶ የ36 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋል። ጎማው በክሪክ ሳይነሣ፣ መሬት ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ማርሽ ገብቶ፣ ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘውን ኮፒሊያ አውጥተው ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ላይ በመሰካት ይፍቱት። መኪናው በክሪክ ላይ ሳለ በዚህ ዳዶ ላይ መታገል ሰው ላይ አደጋ ያደርሳልና አደራ። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ፓራሊዮውን የያዘው ክዳን በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ፓራሊዮውን ሲቀይሩ የወረቀቱን ጓርኒሲዮንና የላስቲክ ቀለበቶቹንም አብረው ይቀይሩ፤ የፈሰሰ ዘይት ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነም ይጥረጉት፤ ያ መንገድ የተሠራው ዘይቱ ወደ ሸራው እንዳይሄድ ነው።

ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አይድንም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሲሞቅ ግን የጠጣውን መልሶ ያወጣል። የኋላዎቹን ሸራዎች በሁለቱም ወገን በአዲስ ይተኩ።

ሲገጥሙ ዳዶው 30 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ መጥበቅ አለበት፤ ይህም በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም ክብደት እንደመጫን ነው። ከዚህ ያነሰ ከጠበቀ የታምቡሩ የውስጥ ጥርሶች ከአክስሉ ጋር እየተጋጩ ይበላሉ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ጨምረው ያጥብቁት እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱት። አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ማስተካከያዎቹን እንደገና ይፈትሹ፤ እስከዚያ ድረስም ከእንጦጦ ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ይልቀቁት እንጂ እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው አይቆዩ።

የእጅ ፍሬኑን ገመዶች መልሰው የሚያጠብቁት የኋላ ሸራዎቹን ማስተካከል ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል መያዛቸውን ጎማዎቹ ተነሥተው ሳሉ በእጅ እያዞሩ ይመልከቱ።